ጣሳ የደፋ ዘንግ

ሰው ባል ሲመርጥ እንኳ እኔ ዘንግ ስመርጥ የተጨነቅኩትን ያህል የሚጨነቅ አይመስለኝም። ባል መርጬ ስለማላውቅ ተሳስቼ ይሆናል። ዘንግ ግን ሦስት ጊዜ መርጫለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ አንገቴን ደፍቼ ተመልሻለሁ።

ዘንግ ስል የባንዲራ ዘንግ ማለቴ ነው። ያውም ግቢ ውስጥ ተተክሎ የሚኖረውን ዓይነት አይደለም። በጭነት መኪና ተጭኖ ኳስ ሜዳ የሚሄድ፣ ሰው ምሳውን በልቶ እስኪጨርስ ቆሞ የሚጠብቅ፣ ከዚያ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ቤቱ የሚመለስ ዘንግ ነው። እንዲህ ያለ ዘንግ ለምን እንዳስፈለገ ለመናገር ከምሳው መጀመር አለብኝ።

ዩኒቨርሲቲ ልጨርስ አንድ ዓመት ሲቀረኝ ለአገልግሎት ሐረር ተመደብኩ። የማስተምረው ጂኦግራፊ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ቀጥሎ የሚመጣውን ስታነቡ የሐረር ልጆች ሰሜንና ደቡብን ከማን እንደተማሩ እንድታውቁ ነው።

በዚያ ዘመን የትምህርት ቤቶች የኳስ ግጥሚያ ሲኖር ከድሬዳዋም፣ ከጅጅጋም፣ ከአሰበ ተፈሪም ሰው በጭነት መኪና ይመጣ ነበር። መኪኖቹ በሜዳው ዳር ተሰልፈው ይቆማሉ። የኋላ ሳንቃቸው ወደ ታች ሲወርድ ገበታ ይሆናል፤ ጨዋታው ሳይጀመር ሰው ሁሉ በየመኪናው ጀርባ ቆሞ ምሳውን ይበላል። ግማሹ ሰው ለኳሱ ቢመጣ ግማሹ የሚመጣው ለሳንቃው ነበር። የእኛ ትምህርት ቤት ከሜዳው የዐሥር ደቂቃ መንገድ ቢሆንም፣ በእግር መጥቶ መሬት ላይ ተቀምጦ መብላት ከሌሎቹ ያሳንሰናል ተብሎ እኛም የጭነት መኪና እንሳፈር ነበር። ሞተሩ ሳይሞቅ እንደርሳለን።

የመጀመሪያው ግጥሚያ ሲደረግ ትምህርት ቤቱ ከገባሁ ሦስት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። እጄን ልታጠብ ወደ ውሃው በርሜል ሄድኩ። ስመለስ መኪኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኑብኝ፤ ሁሉም አፍንጫቸው ቀይ፣ ሸራቸው አቧራ። የሰው ፊት አይቼ መለየት ነበረብኝ ትሉ ይሆናል። እኔ ግን በሦስት ሳምንት ውስጥ ከባልደረቦቼ ፊት ቀና ብዬ ያየሁት አልነበረም። የማውቃቸው በጫማቸው ነበር። የሒሳቡ መምህር ቡናማ፣ የአንዱ ክሩ የተበጠሰ። የስፖርቱ መምህር አቶ በቀለ ነጭ የሸራ ጫማ። እናም ክሩ የተበጠሰ ቡናማ ጫማ ሳይ እፎይ ብዬ አጠገቡ ቆምኩ።

አንዲት ደርባባ ሴት ሳህን ሞልታ ሰጠችኝ። «ብዪ እንጂ እቱ፣ ምነው ተሽኮረመምሽ!» አለችኝ። በላሁ። ግማሽ እንደበላሁ ባለቡናማው ጫማ «ጅጅጋ በጊዜ ካልገባን መንገዱ ይመሽብናል» ሲል ሰማሁ። ያን ጊዜ ሳህኑን አስቀምጬ «ይቅርታ፣ የእናንተ ሰው አይደለሁም» ማለት ነበረብኝ። ይህን ለማለት ግን አፍ መክፈት ያስፈልጋል። አፌን ደግሞ በምግባቸው ሞልቼዋለሁ። ስለዚህ ዝም ብዬ በላሁ። ሁለተኛም ጨመሩልኝ። ከእነሱ ጋር ተቀምጬ ጨዋታውን አየሁ፤ ጅጅጋ በእኛ ላይ ሲያገባም ከሁሉም ጋር አጨበጨብኩ። ከወንበሩ ብድግ ያልኩ ይመስለኛል።

ግጥሚያው አልቆ ወደ መኪናችን ስመለስ ምን እንደምል በልቤ አዘጋጅቼ ነበር። «የት ጠፋሽ?» ቢሉኝ እንዲህ እላለሁ፣ «ተጨንቀን ነበር» ቢሉኝ እንዲህ እላለሁ ብዬ። አቶ በቀለ አየኝና «ሚስ፣ አንድ ሳህን ጎድሎብናል፤ አላየሽም?» አለኝ።

ከሁለት ሰዓት በላይ ጠፍቼ ነበር። የተፈለገው ሳህኑ ነው።

በዚያው ሳምንት ለዲሬክተራችን ማስታወሻ ጻፍኩ። መናገር ስለማልችል ነው የጻፍኩት። «የትምህርት ቤታችን ሰዎች በሜዳው ላይ እንዲፈላለጉ፣ በመኪናችን ላይ ባንዲራ የሚሰቀልበት ተንቀሳቃሽ ዘንግ ቢኖር» የሚል ነበር። ዲሬክተሩ መነጽራቸውን አድርገው በስብሰባ ላይ አነበቡትና «እንዲፈላለጉ» የሚለውን ሰርዘው «እንዳይጠፋፉ» አደረጉት። እኔ ልዩነቱ ብዙ ይመስለኝ ነበር።

አቶ በቀለ «የአገሪቱን ሰንደቅ ዓላማ እንስቀል!» አለ።

«ሰንደቅ ሥር ቆሞ ዶሮ ይጋጣል እንዴ?» አሉ ዲሬክተሩ። «ሰንደቅ ከተሰቀለ ሰው ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ቀጥ ብሎ ቆሞ የጎረሰ ደግሞ ይታነቃል። የትምህርት ቤቱ ሰማያዊ ጨርቅ ይበቃናል። ዘንጉን ሚስ ይምረጡ፤ ሐሳቡን ያመጡት እርስዎ ነዎት።»

እንግዲህ ምርጫዬ ተጀመረ።

በመጀመሪያ የወደድኩት የባሕር ዛፍ ነው። ክፍል ተከራይቼ የምኖረው ከከተማው ግንብ ውስጥ፣ ከፈላና በር ገባ ብሎ ስለነበር፣ ሐኪም ከሚባለው ተራራ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች በደጃፌ ያልፋሉ። አንዷን አስቁሜ ስምንት ክንድ የሚሆን፣ ቀጥ ያለ፣ ልጡ የተላጠ አንድ እንጨት መረጥኩ።

«ለማገር ነው?» አለችኝ።

«ለባንዲራ ነው።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «መንግሥት ነሽ እንዴ?»

ትምህርት ቤቱ ከግንቡ ውጭ ስለሆነ፣ በበሩ ወጥቼ በሰፊው መንገድ መዞር እችል ነበር። ነገር ግን በሰፊው መንገድ ስምንት ክንድ እንጨት የተሸከመች ሴት ሰው ያያታል። ሰው እንዳያየኝ ብዬ በውስጥ በውስጡ ልሄድ ወሰንኩ። የሐረርን የውስጥ መንገድ የማያውቅ ካለ፣ ሁለት ሰዎች ሲተላለፉ አንደኛው ትንፋሹን የሚይዝበት መንገድ ነው። እኔ በእግሬ ስታጠፍ እንጨቱ አልታጠፍ አለ። ወደፊት ስገፋው አንድ ነገር ከፍቶ ገባ።

«ማነው?» አለ ከውስጥ የሴት ድምፅ።

«ይቅርታ፣ ዘንግ ነው» አልኩ።

«ማን?»

«ዘንግ!»

ከውስጥ ወደ ራሳቸው ሳቡት። እኔም ከውጭ ወደ ራሴ ሳብኩ። ከኋላዬ እህል የጫነች አህያ መጥታ ቆመች፤ ከአህያዋ ኋላ ባለቤቷ፣ ከባለቤቷ ኋላ የሠርግ ድስት የተሸከሙ ሦስት ሴቶች። አንድ ሽማግሌ በጣሪያቸው ላይ ሆነው «አቦ፣ እዚህ ከተማ እንጨት በመንገድ አይገባም! ወይ ቁረጪው ወይ ስጪያቸው!» ብለው ፈረዱ። ሰጠሁ። ዛሬም በዚያ ቤት ልብስ ይሰጣበታል። ሳልፍ አየዋለሁ፤ ቀጥ ያለ ጥሩ እንጨት ነበር።

ሁለተኛው ዘንግ የድንኳን ነው። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ የእድራቸውን ዕቃ የሚጠብቁ ስለነበሩ፣ የእድሩን ድንኳን ምሰሶ አሳዩኝ፤ በመካከሉ ብረት ያለው፣ ለሁለት የሚከፈል፣ እኔ የምፈልገውን ዓይነት። ዲሬክተሩ አይተው እንዲወስኑ አንዱን ወስጄ እንድመልስ ፈቀዱልኝ። ከባሕር ዛፉ ትምህርት ስለወሰድኩ በሰፊው መንገድ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ትከሻዬ ላይ አድርጌው ሄድኩ።

መቶ እርምጃ ሳልሄድ አንዲት ትልቅ ሴት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መንገዱን ተሻግረው መጡ። ለካስ የእድሩን ምሰሶ ከተማው በሙሉ ያውቀዋል። «ውይ ልጄ! ማን ነው?» አሉኝ።

«እማማ፣ ማንም አልሞተም» ልል ነበር። ከእንግዳ ሰው ጋር ስነጋገር ድምፄ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። «እማማ…» ካልኩ በኋላ የቀረው አልወጣም።

«እናቷ ናት!» ብለው ጮሁ። «ሰው አገር ላይ! እናቷን! ምሰሶውን እንኳ የሚይዝላት ሰው የላት!» አቀፉኝና አለቀሱ። ሌሎችም መጡ። እናቴ በዚያው ሳምንት «ቅቤውን እንዳትቆጥቢ» ብላ የጻፈችልኝ ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ማሳየት እችል ነበር። ግን እውነቱን ልናገር፤ ሐረር ከመጣሁ ሰው ሲያቅፈኝ የመጀመሪያው ነበርና እኔም አለቀስኩ። ያኔማ ለማስረዳት ጭራሽ መሸ። አምስት ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች አጅበውኝ ትምህርት ቤት ገባሁ፤ ዲሬክተሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ፤ ክፍሎች ለዕረፍት ተለቀቁ። ነገሩ ሲጣራ ምን እንደሆነ አልጽፍም። ምሰሶው በዚያው ቀን ወደ እድሩ ተመለሰ።

ሦስተኛው ቀርከሃ ነው። ዑስማን የሚባል አናጢ ነበር፤ ዕቃዬን በወረቀት ሥዬ ስለሰጠሁት ብዙ መነጋገር አላስፈለገንም። ቀርከሃውን ለሁለት ቆርጦ በመካከሉ የቧንቧ ቁራጭ አስገባበት። አንዱን ካንዱ ስትሰኩት ዘንግ ነው፤ ስትነቅሉት በብብት ይያዛል። ሳየው ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

«አንድ ነገር ብቻ» አለ ዑስማን። «ጫፉ ክፍት ነው። ውሃ ከገባበት ወላሂ ይሰነጠቃል። ራሱ ላይ የሆነ ነገር ድፊበት።»

«ምን ልድፋበት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ አቦ፣ ኮፍያ ግዢለት!»

ቤቴ ስገባ ባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ አገኘሁ። ቀርከሃው ጫፍ ላይ ብደፋው ልክክ አለ። ወረቀቱን ልጬ፣ በአመድ ፈትጌ፣ እንደ መስተዋት አጠራሁት። የቤቱ ባለቤት አዴ ሩቂያ ከግቢው ማዶ ካለው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። ሴቶች ልጆቻቸውን ሁሉ የዳሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሶላታቸውን የማያስተጓጉሉ ሴት ናቸው። በእኔና በእሳቸው መካከል የነበረው ነገር ጠዋት «እንዴት አደሩ አዴ?» «አልሐምዱሊላህ»፣ ማታ «እንዴት ዋሉ አዴ?» «አልሐምዱሊላህ» ነው።

አሁን እናንተ ገብቷችኋል፤ እኔ ግን አልገባኝም ነበር። በአገራችን ደጃፍ ላይ እንጨት ቆሞ ጫፉ ላይ ጣሳ ከተደፋበት ምን ማለት እንደሆነ ፊደል ያልቆጠረ ሁሉ ያነበዋል። ጠላ አለ ማለት ነው። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ በየሰፈሩ አይቼዋለሁ። ግን የእኔ ዘንግ ባንዲራ ነበረው። ዐይኔ ባንዲራውን ብቻ አየ።

የግጥሚያው ቀን ዘንጉን ከመኪናው ሳንቃ ጎን አሰርኩት። ሰማያዊው ጨርቅ ነፋስ ሲያገኘው ተዘረጋ። ሰው ከሜዳው ወዲያ ማዶ ሆኖ አይቶት መጣ፤ ሳይጠፋፋ ምሳውን በላ። አቶ በቀለ «ሚስ፣ ከሩቅ ይታያል እኮ!» አለኝ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሳህን የለበትም። ቀኑን ሙሉ ልኖርበት እችል ነበር።

ጨዋታው ሊጀመር ሲል ተጫዋቾቹ ባንዲራውን ይዘን ሜዳውን እንዙር ብለው ፈትተው ወሰዱት። መምህሩም ተማሪውም ወደ መስመሩ ዳር ሮጠ። ዕቃ የሚጠብቅ ሰው ሲፈለግ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፤ ማንም ምንም ሳይለኝ ቀረሁ። እኔ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የውሃ በርሜል፣ ጣሳ የደፋ ዘንግ።

ትንሽ ቆይቶ ከዘራ የያዙ አንድ ሽማግሌ መጡ። ወደ ላይ ወደ ዘንጉ አዩ፤ ወደ እኔ አዩ።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ። ደርሷል?»

ስለ ጨዋታው የጠየቁኝ መሰለኝ። «አዎ አባባ፣ አሁን ደረሰ» አልኳቸው።

«ተመስገን! እንግዲያው አንድ ቅጂልኝ» ብለው ተቀመጡ።

ፀሐዩ ከባድ ስለነበረ ውሃ ቀድቼ ሰጠኋቸው። ቀመሱ። ደግመው ቀመሱ። «ቀጠነብሽ» አሉኝ በሐዘኔታ። «ግን ንጹሕ ነው።»

ከዚያ አንድ ወታደር መጣ። ከዚያ ሁለት ሾፌሮች፣ ከዚያ ከገበያ የሚመለሱ ሌሎችም። ሁሉም ወደ ላይ እያዩ ይመጣሉ፣ ሁሉም ይቀመጣሉ። ለሁሉም ውሃ ቀዳሁ። የተጠማ ሰው እንዲህ መብዛቱ ገረመኝ።

«ልጅቷ አዲስ ናት መሰለኝ» አለ አንደኛው ሾፌር ለጓደኛው።

«ጌሾ የሚባል አላየም ይሄ!»

«ዝም በል፣ ታሳፍራታለህ። ጀማሪ ናት።»

ጌሾ ሲሉ ነው ቀስ ብዬ ወደ ላይ ያየሁት። ጣሳው በፀሐዩ ላይ ያበራል። በአመድ የፈተግኩት እኔ ነኝ።

እንዴት እንደነገርኳቸው አላውቅም፤ ግን ነገርኳቸው። ሽማግሌው ብርጭቆውን እያዩ «ታዲያ ውሃውን ቀጠነ ስል ዝም አልሽኝ?» ብለው በሳቅ ሳል ያዛቸው። ወታደሩ ጀርባቸውን መታላቸው። የሚገርመው አልሄዱም። ጥላው ጥሩ ስለነበር ይሆናል። ምሳዬን ስላልበላሁ አውጥቼ አብረን በላን። ሽማግሌው «የማን ልጅ ነሽ? ስምሽስ?» አሉኝ። ሐረር ከመጣሁ ስሜን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ለሁሉም ሚስ ነኝ። ስናገረው የሌላ ሰው ስም የጠራሁ ያህል ሆነብኝ።

ዲሬክተሩ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጡ እንግዳ ይዘው በመኪናው ጀርባ ብቅ ያሉት በዚህ ጊዜ ነው። ዘጠኝ ሰው ተቀምጦ ብርጭቆ ይዟል። ከላያቸው ጣሳ አለ።

«ሚስ! ምንድን ነው ይህ?»

«ውሃ ነው» አልኩ።

ወታደሩ ሊያግዘኝ ፈልጎ ተነሥቶ ሰላምታ ሰጣቸው። «ጌታዬ፣ ገና አልደረሰም። እኛም እየጠበቅን ነው።»

በዚያ ቀን አሸነፍን። ግን ማንም ስለ ጎሉ አላወራም፤ በመኪናው ላይ ሁሉ ወሬው ስለ ጣሳ ነበር። በማግሥቱ «ሚስ ጣሳ» ሆንኩ። ዲሬክተሩም ዘንጉ ከግቢው በፍጥነት እንዲወጣ አዘዙ።

በብብቴ ይዤው ቤቴ ገባሁ። ዝናብ ስለነካው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንዲደርቅ ብዬ ሰካሁትና ግቢው ውስጥ ከአጥሩ ግንብ ጋር አስደግፌ አቆምኩት። ጣሳውን የተውኩት ዑስማን ውሃ እንዳይገባ ስላለ ነው። ይህን እምላለሁ። ስለ መጀመሪያው ቅዳሜ እምላለሁ።

ዐሥር ሰዓት ገደማ በእኔ በኩል ያለው የግቢው በር ተንኳኳ።

በሬ ሲንኳኳ ሰምቼ ስለማላውቅ የማን በር እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። የአዴ ሩቂያ ሰዎች በሌላው በር ነው የሚገቡት። ከፈትኩ። አንድ የማላውቀው ሰው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል።

«ጠላ አለ እቱ?»

«የለም» አልኩ።

«ነገስ?»

«ነገም የለም።»

«እሺ። ደህና ዋይ» ብሎ ሄደ። ይኸው ነው። በሩን ዘግቼ ተደግፌው ቆምኩ። አንድ ሰው ቤቴ መጥቶ፣ አንድ ነገር ጠይቆኝ፣ መልሼለት፣ ደህና ዋይ ብሎኝ ሄደ። ጣሳውን ወዲያው አወረድኩት።

በሳምንቱ ግን ቀርከሃው ገና እርጥበት ያለው መሰለኝ።

ክፍሌን ጠረግኩ። ጸጉሬን ተሠራሁ። ዘንጉን አቆምኩና ደብተር እያረምኩ ጠበቅኩ። ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። አንደኛው ሰው ቸኩሎ ነበር። ሁለተኛው ስለ ዝናቡ አንሥቶ ትንሽ አጫወተኝ። ሦስተኛዋ ሴት ናት፤ ለባሏ ልትገዛ መጥታ የለም ስላት «ጎበዝ፣ አትጀምሪው፣ አድካሚ ነው» ብላ መከረችኝ። ለቀጣዩ ቅዳሜ ደግሞ መልሴን አሻሻልኩ። «የለም» ብቻ ከማለት «ዛሬ እንኳ የለም» ስል ሰው ትንሽ ቆም እንደሚል ደርሼበታለሁ። አጥንቼዋለሁ ማለት ይቻላል።

በሦስተኛው ቅዳሜ በሩ ሲንኳኳ ፈገግ ብዬ ከፈትኩ። አንድ ሾፌር «ጠላ አለ?» ከማለቱ ከኋላዬ «አስተግፊሩላህ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

አዴ ሩቂያ ግቢው መካከል ቆመዋል። ሾፌሩ ሸሸ። እሳቸው ወደ ዘንጉ ሄደው ቀና ብለው አዩት፤ ከዚያ እኔን።

«ጎረቤቴ መጥታ ‹ሩቂያ፣ በስተርጅናሽ ያን ነገር ጀመርሽ አሉ› አለችኝ። ሳቅኩባት። ወላሂ ሳቅኩባት! አንቺ ልጅ፣ ያ ነገር በቤቴ አለ?» ስሙን እንኳ አይጠሩትም።

«የለም አዴ! ጠብታም የለም! ግቡና እዩ።»

«ታዲያ ይህን ምልክት ምን አቆመው?»

«እንዲደርቅ ነው።»

«በዚህ ፀሐይ ሦስት ሳምንት የሚደርቅ ምን እንጨት ነው?»

መሬት መሬት አየሁ። አርባ ዓመት በሰላም በኖሩበት ሰፈር ስማቸው በክፉ እንዲነሣ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ቢያስወጡኝ ትክክል ነበሩ። ሌላ ውሸት ፈለግኩ፤ የተዘጋጀ አልነበረኝም።

«ሰው እንዲያንኳኳ ነው» አልኩ።

ዘንጉን ዘንበል አድርገው ጣሳውን ነቅለው፣ ይዘውት ወደ ቤታቸው ገቡ። በራቸው ተዘጋ።

እሑድ ሻንጣዬን አወጣሁ። ልብሴን አጣጥፌ ከተትኩ። ጠዋት «እንዴት አደሩ አዴ?» ለማለት እንኳ ድፍረት አጣሁ። ሰኞ ከትምህርት ቤት ተመልሼ፣ ቤት እንድለቅ እስኪነግሩኝ ድረስ ብዬ፣ የክፍሌን በር ወለል አድርጌ ከፍቼ ሻንጣው ላይ ተቀመጥኩ።

ተንኳኳ።

በሩ ክፍት ነው። ማንኳኳት አያስፈልግም፤ ገብቶ መናገር ይቻላል። በልማዴ መጀመሪያ ጫማውን አየሁ። ጫማ ሳይሆን የቤት ነጠላ ጫማ ነው፤ የአዴ ሩቂያ። አንድ እጃቸው ከበሩ መቃን ላይ ነው። በሌላው እጃቸው በጨርቅ የጠቀለሉትን ጣሳዬን ይዘዋል። ሆጃ ሞልተውበታል፤ የቡና ቅጠሉና የወተቱ እንፋሎት ከላዩ ይወጣል።

ቀና ብዬ ፊታቸውን አየሁ። አንድም ሳቅ የለበትም።

«ያ ነገር አለ ወይ?» አሉኝ።

«የለም አዴ።»

«ነገስ?»

«ነገም የለም።»

«እንግዲያው ያለውን እንጠጣ» አሉና ሻንጣዬን በእግራቸው ገፋ አድርገው ገቡ።